የመንጠቆ ቁጥርና የዓሣ አፍ

(በራዲዮ የተነገረ፤ ለአዳዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)

  

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው። ስለ መረብ አናወራም። መረብ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጀልባም ይፈልጋል። የምናወራው ስለ መንጠቆ፣ ስለ ክርና ስለ ማባበያ ነው። ማባበያ የምንለው፣ ዓሣው መጥቶ እንዲጎርስ በመንጠቆው ላይ የምንሰካውን ምግብ ነው። በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው በትንሽ ገንዘብ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ነው። ነገር ግን ትንሽ ገንዘብም ቢሆን ገንዘብ ነው፤ ባለማወቅ መጥፋት የለበትም።

በመጀመሪያ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የተወለድኩት በጣና ዳር ነው። ማንበብ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ቁጥር ማንበብ የቻልኩ ሰሞን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያየሁትን ቁጥር ሁሉ አነባለሁ፤ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ የሚዛን ድንጋይ፣ ሁሉንም። ታዲያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የዓሣ ገበያ እንደሚደራ አውቃለሁና፣ መንጠቆ ልገዛ ከተማ ወጣሁ። ገንዘቡ ብድር ነው። ዓሣ ሸጬ ልመልስ፣ በትርፉም ለልጆች ልብስ ልገዛ አስቤአለሁ።

ባለሱቁ ሁለት የታሸጉ ፓኬቶች አወጣልኝ። በአንዱ ላይ 6 የሚል ቁጥር አለ። በሌላው ላይ 14 የሚል ቁጥር አለ። እኔ በልቤ፣ «14 ከ6 ይበልጣል፤ ስለዚህ መንጠቆው ትልቅ ነው፤ ትልቅ ዓሣ ይይዛል» አልሁ። 14ቱን ገዛሁ። ባለሱቁ ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ቤቴ ገብቼ ፓኬቱን ስቀደው መንጠቆው ከአንድ የበቆሎ ፍሬ አይበልጥም። ባለቤቴ አየችውና፣ «ይኼ ለዝንብ ነው ለዓሣ?» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሞከርኩ። የሚያዙት ጣት የማያህሉ ግልገሎች ናቸው። አንድ ጊዜ ትልቅ ዓሣ ያዘልኝ፤ መንጠቆውን አቃንቶት ሄደ። በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አጥማጅ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። መንጠቆዬን አዩና ሳቁ።

«አባቴ፣ ምን ያስቅዎታል?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የመንጠቆ ቁጥር እንደ ሰው ዕድሜ አይደለም። ሲያድግ ያንሳል» አሉኝ።

እኒያ ሽማግሌ ፊደል አይቆጥሩም ነበር። ነገር ግን ሥራውን ያውቃሉ። እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፤ ሥራውን አላውቅም። የዛሬው ትምህርታችን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

1ኛ. መንጠቆ

መንጠቆ አራት ክፍል አለው። ክሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ዓይን ይባላል። ከዓይኑ ቀጥሎ ቀጥ ያለው አንገቱ ነው። ከዚያ የታጠፈው ጉብጠቱ ነው። በመጨረሻ ጫፉ አለ። በጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች። ዓሣው ከተያዘ በኋላ እንዳያመልጥ የምታደርገው ይህች እሾህ ነች።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከትንሹ መንጠቆ ጀምረን ወደ ትልቁ ስንሄድ ቁጥሩ እንዲህ ይጻፋል፦

14፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 1።

እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ መንጠቆው እየተለቀ ይሄዳል። ከ1 በኋላ ግን አጻጻፉ ይለወጣል። እንዲህ ይሆናል፦

1/0፣ 2/0፣ 3/0፣ 4/0፣ 5/0።

ይህ ደግሞ አንድ ዜሮ፣ ሁለት ዜሮ፣ ሦስት ዜሮ እየተባለ ይነበባል። በቁጥሮቹ መካከል ጋደል ያለች መስመር አለች። ይህች መስመርና ዜሮ ካሉ፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይጨምራል። ስለዚህ 4 የሚለውና 4/0 የሚለው አንድ አይደሉም። 4 ትንሽ ነው፤ 4/0 ትልቅ ነው። ፓኬቱን ስታነቡ ዜሮዋን አትዝለሏት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የፋብሪካዎች ልክ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ 6 ከሌላው 6 ትንሽ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡ፤ ከዚያም «እባክዎ ክፈቱልኝና ልየው» በሉ። መንጠቆው ልትይዙት በምታስቡት ዓሣ አፍ ውስጥ በቀላሉ የሚገባ መሆን አለበት። መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔን ያከሰረኝ አለመጠየቄ ነው።

መንጠቆ ሹል መሆን አለበት። ሹልነቱን ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ አስጠጉት። ከተንሸራተተ ደንዟል። ከያዘ ሹል ነው። የደነዘዘውን በለስላሳ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ሳሉት። የዛገውን ግን ጣሉት፤ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ይሰበራል።

2ኛ. ክርና ቋጠሮ

ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የማጥመጃ ክር ናይለን ነው። በጥቅሉ ላይ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው ውፍረቱን ይነግራል፤ በሚሊ ሜትር ነው። ለምሳሌ 0.30 ይላል። ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ክሩ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይነግራል።

ለትንንሽና ለመካከለኛ ዓሣ ከ0.25 እስከ 0.30 ይበቃል። እንደ አምባዛ ላለው ጉልበተኛ ዓሣ 0.50 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያስፈልጋል። «ወፍራሙን ብቻ ገዝቼ ለሁሉም ልጠቀምበት» የሚል ይኖራል። ይህ አይሆንም። ወፍራም ክር በጥሩ ውሃ ውስጥ ይታያል። ቆሮሶ ደግሞ ጠርጣራ ነው፤ ክሩን ካየ ይሸሻል።

ክር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ከቋጠሮው ላይ ነው። ስለዚህ አተሳሰሩን ቀስ ብላችሁ ተማሩ። ክርና መንጠቆ ካላችሁ አሁኑኑ ይዛችሁ ሞክሩት።

ሀ) የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን ውስጥ አሳልፉ። አንድ ስንዝር ያህል አስወጡት።

ለ) ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምዝዙት።

ሐ) ጫፉን መልሳችሁ በዓይኑ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ።

መ) ቋጠሮውን በውሃ ወይም በምራቅ አርጥቡት።

ሠ) ቀስ ብላችሁ ጎትታችሁ አጥብቁት። የተረፈውን ጫፍ ቁረጡ።

ማርጠቡን ለምን አልን? ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ከዚያም ይደክማል። አንድ ጠብታ ምራቅ አንድ ትልቅ ዓሣ ታተርፍላችኋለች።

ፀሐይ የናይለን ጠላት ናት። ብዙ ቀን ፀሐይ የመታው ክር መልኩ ደህና ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን አልቋል። ስለዚህ በጥላ አስቀምጡት። ያረጀውን ክር በውሃ ዳር አትጣሉ። የወፎች እግርና ክንፍ ይተበተብበታል። ሰብስባችሁ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት።

3ኛ. እርሳስ፣ ተንሳፋፊና ዘንግ

ትናንት እርሳስ ይዛችሁ ፊደል ስትጽፉ ነበር። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሌላው እርሳስ፣ ስለ ብረቱ ነው። ይህ ከባድ ብረት ማባበያውን ወደ ታች ያወርዳል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በክሩ ላይ ይታሰራል። ነገር ግን እርሳስ መርዝ ነው። በጥርሳችሁ ነክሳችሁ አታጥብቁት። ለልጆች መጫወቻ አትስጡ። ከነካችሁት በኋላ ሳትታጠቡ አትብሉ። እንዲያውም በእርሳስ ፋንታ አሮጌ የብሎን ዳዶ ማሰር ይቻላል። ዳዶ መሐሉ ቀዳዳ ስለሆነ ለማሰር ይመቻል፤ በነፃም ይገኛል።

ተንሳፋፊ ደግሞ በውሃው ላይ ሆኖ ወሬ የሚነግረን ነው። ዓሣው ማባበያውን ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ ሲጎርስና ሲሄድ ይሰምጣል። ከጠርሙስ ቡሽ፣ ከደረቅ ሸምበቆ ወይም ከደረቅ ደንገል ሊሠራ ይችላል። እኛ ጣና ዳር ታንኳ የምንሠራበት ደንገል ለዚህም ይሆናል። ተንሳፋፊው ትንሽ ይሁን። ትልቅ ከሆነ ዓሣው ሲስብ ይከብደውና ማባበያውን ይተፋዋል።

በተንሳፋፊውና በመንጠቆው መካከል ያለው የክር ርዝመት እንደ ውሃው ጥልቀት ይለያያል። ለምሳሌ የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በብዙ ቦታ ከ2 እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ዳር ላይ አንድ ሜትር ያህል ክር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጥልቀቱን ለማወቅ ክሩ ላይ ድንጋይ አስራችሁ አውርዱና ለኩ።

ለዘንግ ቀርከሃ ይበቃል። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሚለመጥ ምረጡ። ቆርጣችሁ ወዲያው አትጠቀሙበት። በጥላ ቦታ አጋድማችሁ ይድረቅ። የማይለመጥ ዘንግ ክር ይበጥሳል።

4ኛ. ለየትኛው ዓሣ የትኛው ማባበያ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሰውና ዓሣ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም የሚወደው ምግብ አለው። የማይበላውን አቅርቦ «ዓሣ የለም» ማለት ከንቱ ነው።

ቆሮሶ። ይህ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ሐይቆች የሚገኝ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓሣ ነው። አፉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቁጥር 8 ወይም 6 መንጠቆ ይስማማዋል። የመሬት ትል፣ ትንሽ የሊጥ ድብልብል ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ይወስዳል። ማባበያው ከመንጠቆው ጫፍ ብዙ አይለፍ። ረጅም ትል ከሰካችሁ ጫፉን በልቶ ይሄዳል። ቆሮሶ መጀመሪያ ይቀምሳል። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ አትቸኩሉ። ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ በቀስታ አንሡ።

ካርፕ። ይህ ከውጭ አገር የመጣ ዓሣ ነው፤ ዛሬ በዝዋይና በሌሎችም ውሃዎች ይገኛል። ምግቡን የሚፈልገው ከሥር፣ ከጭቃው ላይ ነው። ማባበያውም መሬት መንካት አለበት። ለካርፕ የበቆሎ ንፍሮ የሚያህል የለም። በቆሎውን ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት ቀቅሉት። ይለስልስ፤ ግን አይፈንዳ። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በቁጥር 6 ወይም 4 መንጠቆ ላይ ስኩ። ጨው አያስፈልገውም። የተረፈውን ራሳችሁ ብሉት!

አምባዛ። ይህ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ ነው። አፉ ሰፊ ነው። መንጠቆው ከ1/0 እስከ 4/0 ይሁን። አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በሽታና በጢሙ ይመካል። ስለዚህ የሚሸት ነገር ስጡት፤ የዶሮ አንጀት፣ የከብት ጉበት ቁራጭ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ። ጉበት ለስላሳ ስለሆነ ከመንጠቆ ይወድቃል። አንድ ሰዓት ያህል በነፋስ አጠውልጉት፤ ከዚያ በቀጭን ክር አስራችሁ ስኩት። አምባዛን ማታና ሌሊት ማጥመድ ይሻላል። ስትይዙት ተጠንቀቁ፤ በሁለት ጎኑ ባለው ክንፍ ላይ ስለታም እሾህ አለው። ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም፤ አየር መተንፈስ ይችላልና። ስለዚህ ገና በሕይወት ሳለ ወደ ገበያ ሊደርስ ይችላል።

ነጭ ዓሣ። እኛ ጣና ዳር ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ውሃ አይገኙም። ለዚህ ነው ልንሳሳለት የሚገባው። ከፊሎቹ ትልና ነፍሳት ይበላሉ፤ ለእነዚህ ትል ወይም ፌንጣ ይሆናል። ከፊሎቹ ደግሞ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ ለእነዚህ የትንሽ ዓሣ ቁራጭ ይሰካል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያለው ዘመዱ ቢልጫ ይባላል። ለሁለቱም ከ6 እስከ 2 ያለው መንጠቆ ይስማማል።

ናይል ፐርች። ይህ በጫሞ፣ በዓባያና በባሮ ወንዝ የሚገኝ ግዙፍ ዓሣ ነው። ከሰው የሚበልጥ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ምግቡ ሌላ ዓሣ ነው። 5/0 እና ከዚያ የሚበልጥ መንጠቆ፣ በጣም ወፍራም ክርም ይፈልጋል። ክሩን በእጃችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ። ዓሣው በድንገት ሲስብ ክሩ ጣት ይቆርጣል፤ ሰውም ውሃ ውስጥ ይጥላል።

5ኛ. ማባበያን ማዘጋጀትና ማቆየት

ትል የት ይገኛል? በእርጥብ ፍግ ሥር፣ በበሰበሰ ቅጠል ሥር፣ ውሃ በሚፈስበት ጓሮ። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ትል ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ስለዚህ ከጓሮአችሁ አንድ ጥግ መርጣችሁ ፍግና ቅጠል አልብሱት፤ ውሃ አርከፍክፉበት። ዓመቱን ሙሉ ትል ታገኛላችሁ። ትሉን ከእርጥብ አፈር ጋር በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጡ። ክዳኑን ብሱት። በጥላ አኑሩት። ፀሐይ ላይ የተረሳ ጣሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሉን ሁሉ ይገድላል።

ሊጥ እንዲህ ይዘጋጃል። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት ውሰዱ። በጥቂት በጥቂቱ ውሃ እየጨመራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት። በላዩ ላይ ትንሽ የተፈለፈለ ጥጥ አሳስታችሁ አብራችሁ አሹት። ጥጡ ሊጡን ይይዘዋል፤ በውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም።

ዓሣ ወደምታጠምዱበት ቦታ እንዲሰበሰብ ደግሞ ፉርሽካ ከጭቃ ጋር ለውሱ። ብርቱካን የሚያህል ድብልብል አድርጋችሁ ሁለት ሦስቱን ወርውሩ። ግብዣው ትንሽ ይሁን። ዓሣው ከጠገበ መንጠቆአችሁን አይፈልግም።

6ኛ. ጥንቃቄ

የጥሩ አጥማጅ ሰዓት ማለዳና አመሻሽ ነው። በቀትር ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በታንኳ የምትወጡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ፍሩ። ማዕበል ሳይነሣ ተመለሱ።

በጫሞ፣ በዓባያና በባሮ አዞ አለ። በውሃው ጠርዝ ላይ አትቀመጡ። ዓሣ በውሃው ዳር አትረዱ፤ ደሙ አዞ ይጠራል። ጉማሬ ባለበት ቦታ ደግሞ በውሃውና በጉማሬው መካከል አትቁሙ። ወደ ውሃው መመለሻውን የዘጋችሁበት ሲመስለው ያጠቃል።

ሌላም በዓይን የማይታይ ጠላት አለ። እርሱም ቢልሃርዚያ ነው። ቀንድ አውጣ ባለበት ዳር ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ የሚውል ሰው ይህ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በደረቅ ቦታ ወይም በድንጋይ ላይ ሆናችሁ አጥምዱ። ዘንጉ የረዘመው ለዚህም ነው።

መንጠቆ ሰው ላይ ቢሰካና እሾኋ ከገባች በኃይል አትንቀሉት። ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ።

7ኛ. የማናደርገው ነገር

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት መጨረሻ ላይ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነን ወደ ጣና በሚፈስ አንድ ወንዝ ሄድን። የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ውሃው ውስጥ ጨመርን። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ መንሳፈፍ ጀመረ። እኛ ጨፈርን። ትልልቆቹን ለቅመን ሄድን። ትንንሾቹን የለቀማቸው የለም፤ ቁጥር ስፍር አልነበራቸውም። ነጭ ሆኖ የሸፈነውን ውሃ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ያን ጊዜ ያላወቅነው ነገር ምን ነበር? ነጭ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዝ የሚሄደው ለመዋለድ ነው። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ የሚወጣው ሊወልድ ነው። እኛ የገደልነው የዚያን ዕለቱን ዓሣ ብቻ አልነበረም፤ የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ቦታ ሄድን። ውሃው አለ፤ ዓሣው የለም።

የመንጠቆ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብርብራ አይመርጥም። ዓይኑ የጠበበ መረብም አይመርጥም። መንጠቆ ግን ይመርጣል። በልክ የተገዛ መንጠቆ ለግልገሉ አፍ አይገባም። ግልገሉ ያድጋል፤ ይዋለዳል፤ ነገም ዓሣ ይኖራል። እኔ ቁጥር 14 ገዝቼ ግልገል ስለቅም የነበርኩት ሰው፣ ከኪሴም ከሐይቁም እየሰረቅሁ ነበር።

ስለ ቆሮሶም አንድ ነገር እወቁ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ጫጩቶቿም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይገባሉ። ቆሮሶ ይዛችሁ ከአፏ እንቁላል ወይም ጫጩት ሲወጣ ብታዩ፣ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ መንጠቆውን በቀስታ አውጥታችሁ መልሷት። አንዷን ብትመልሱ ብዙዎችን መለሳችሁ ማለት ነው።

የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቦታ ማጥመድ እንደሚፈቀድ በአካባቢያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ማስታወቂያም ከተለጠፈ አንብቡት። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ።

የእኔን ነገር ልጨርስላችሁ። ሽማግሌው በዚያ ቀን ከኮፍያቸው ላይ ሁለት ቁጥር 6 መንጠቆ ነቅለው ሰጡኝ። በእነዚያ ሁለት መንጠቆዎች ጾሙ ሳይፈታ ብድሬን ከፈልሁ። የልጆቹ ልብስ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ እኔ የፓኬቱን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ውሃውን ያነቡልኛል። እንዲህ ሆነን ብዙ ዘመን አብረን አጠመድን።

ለማስታወስ፦

መንጠቆን በዓሣው አፍ ልክ ግዙ። 14 ትንሽ ነው፤ 6 ይበልጠዋል፤ 4/0 ከሁለቱም ይበልጣል።

ክሩን ከማጥበቃችሁ በፊት ቋጠሮውን አርጥቡ።

ለቆሮሶ ትልና ሊጥ፣ ለካርፕ የበቆሎ ንፍሮ፣ ለአምባዛ ጉበትና አንጀት።

ብርብራ ለውሃ አይደለም።

በቡድን ሆናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች፦

1. ቁጥር 10 እና ቁጥር 2 መንጠቆ ቢቀርብላችሁ ትልቁ የትኛው ነው?

2. 2 እና 2/0 ልዩነታቸው ምንድን ነው?

3. እርሳስን በጥርስ መንከስ ለምን አይገባም?

4. በአካባቢያችሁ ያለው ዓሣ የትኛው ነው? ምን ይበላል? ከሽማግሌ አጥማጆች ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

5. በአካባቢያችሁ ዓሣ ከድሮው ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም? ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች፤ የዛሬው ንግግራችን በዚህ አበቃ። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። እስከምንገናኝ ደህና ሁኑ። ውሃው ይስጣችሁ!